ከሞተር ሙቀት ጋር የሚኖር ቀለም

ከተቀባ ብዙም ሳይቆይ የሚላጥ የሞተር ቀለም ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የቀቢው ነው። የአንድ ሞተር ክፍሎች በብሎን ተጋጥመው አንድ አካል ይምሰሉ እንጂ በሙቀታቸው እጅግ ስለሚራራቁ፣ ለሁሉም አንድ ቆርቆሮ ቀለም የሚከፍት ወጣት ባለሙያ ገና ሥራውን ሳይጀምር ተሳስቷል። ፒስተኖቹ የሚመላለሱበትና በውኃ የሚቀዘቅዘው ዋናው አካል፣ ማለትም ብሎኩ፣ ሞተሩ ጤናማ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም አይርቅም፤ ከቴስታታው ጎን ታስሮ የተቃጠለውን ጋዝ ወደ ማርሚታ የሚያሳልፈው የጭስ መሰብሰቢያ ግን ከባድ ጭነት ዳገት ሲያስወጡት ከ500 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

ልዩነቱ የሚወሰነው በቀለሙ ሙጫ፣ ማለትም የቀለሙን ዱቄት እርስ በርሱና ከብረቱ ጋር በሚያያይዘው ክፍል ነው። የተራ ቀለም ሙጫ በካርቦን ሰንሰለት የተገነባ በመሆኑ በብርቱ ሙቀት ይጠቁራል፣ ይሰባበራል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ለብሎክ የሚዘጋጀው የሞተር ቀለም ከዚህ የተሻለ ቢሆንም ለጭስ መሰብሰቢያ አይበቃም፤ ለዚህኛው የሚመረጠው ሲሊኮን የተባለው ሙጫ ሲሆን፣ የሰንሰለቱ አከርካሪ በአሸዋና በመስተዋት ውስጥ እንደሚገኘው ሁሉ የሲሊከንና የኦክስጅን ጥምረት ስለሆነ፣ የአሉሚኒየም ዱቄት ሲታከልበት እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ሊቋቋም ይችላል። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ዲግሪ ቀለሙ ለዘለቄታው የሚችለው ነው ወይስ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚለውን መለየት ግን ይገባል፤ በትልልቅ ፊደል የሚታተመው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነውና።

ከቀለሙ ምርጫ ይልቅ ትዕግሥትን የሚፈትነው ብረቱን ማጽዳት ነው። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ዘይት ይመጥጣል፤ በናፍጣ ታጥቦ በጨርቅ የተወለወለ ክፍል ለዓይን የነጻ ቢመስልም ናፍጣው ራሱ ስስ ቅባት ትቶበት ይሄዳል። ስለዚህ ከናፍጣው በኋላ ቅባት በሚያነሣ ሳሙናና በሙቅ ውኃ መታጠብ፣ ወዲያው ሳይዝግ መድረቅ፣ የላላ ዝገቱና አሮጌው ቀለም በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት መነሣት፣ በመጨረሻም ቅባት ሳይተው በሚተን ማጽጃ መጠረግ አለበት። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ንጹሕ ውኃ ሲፈስበት እንደ ስስ ሽፋን ተዘርግቶ ከቆየ ብረቱ ነጽቷል፤ እንደ ጤዛ ከተንጠባጠበ ግን ቅባት አለና እንደገና ይታጠባል። አሉሚኒየም በኮስቲክ ሶዳ ፈጽሞ አይታጠብም፤ ሶዳው ብረቱን ራሱን ይበላዋል።

ቀለም ሲበዛ ይጠነክራል የሚለው ግምት በጋራዥ ውስጥ ሥር የሰደደ ስሕተት ነው። ርዝመቱ 50 ሴንቲሜትር የሆነ የጭስ መሰብሰቢያ ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 3 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝም ይመለሳል፤ ወፍራም ሽፋን ይህን መለጠጥና መኮማተር መከተል ስለማይችል ይሰነጠቃል፣ በውስጡ የቀረው ቲነርም ሲተን ያሳብጠዋል። ሁለት ወይም ሦስት ስስ ሽፋን፣ በየመካከሉ ቲነሩ የሚወጣበት ጊዜ ተሰጥቶት፣ ይበቃል። ለመኪና ገላ የሚያገለግለው ስቱኮ በሞቃት ክፍል ላይ ቦታ የለውም።

የጓርኒሲዮን መቀመጫ፣ የብሎን ጥርስና የባትሪው ኔጋቲቭ ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ሳይቀቡ ተሸፍነው ይቆያሉ። በብሎኩ ላይ የተቀረጸው የሞተር ቁጥር በቀለም ተደፍኖ ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ካልተቻለ ባለንብረቱ ይጉላላልና፣ እርሱም ይጠበቃል። የሚያፈስ ሞተርን ሳይጠግኑ ለገበያ ማሳመሩ ግን ብልሃት ይባል እንደሆነ እንጂ ሙያ አይባልም፤ ዘይቱ ከቀለሙ ሥር መንገዱን አያጣም።

የሲሊኮን ቀለም በአየር ቢደርቅም የሚጠነክረው በሙቀት ነው። ከመጋገሩ በፊት በጥፍር የሚጫር፣ በቤንዚን የሚለቅ መሆኑ ጀማሪውን ሊያስደነግጠው አይገባም። የሚጋገርበት ዲግሪና ጊዜ በአምራቹ መመሪያ ተወስኖ ይገኛል፤ ምድጃ ከሌለ ሞተሩ ያለ ጭነት ለጥቂት ደቂቃ ተነሥቶ ይጠፋል፣ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ለረዘመ ጊዜ ይነሣል፣ እንዲህ እየተደጋገመ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል። በዚህ ጊዜ ጭስና ሽታ ስለሚወጣ ሥራው በር በተከፈተበት ወይም በደጅ መከናወን አለበት፤ ባለንብረቱ ቸኩሎ መኪናውን በዚያው ቀን ጭኖ ዳገት ሊያስወጣ ቢፈልግም፣ ጭሱ ሳያቋርጥ ቁልፉን አለመስጠት የባለሙያው መብት ነው።