የጉድጓድ ወሰን፦ በማይታይ ውኃ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂነት

ሰው ዓይኑ በማይደርስበት ስፍራ ባለማወቅ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃልን የሚለው የቆየ ጥያቄ፣ የወርቅ ማዕድን በሚፈጭበት አካባቢ የመጠጥ ውኃ ጥያቄ ይሆናል። ማዕድኑ ደቅቆ ወርቁ በሲያናይድ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ጭቃ ዝቃጭ ይባላል፤ የሚጠራቀመውም በግድብ በታጠረ ኩሬ ነው። ከዚህ ኩሬ የሚሰርገው ፈሳሽ ሲያናይድን ብቻ ሳይሆን ከድንጋዩ የወጡ አርሰኒክንና ብረታ ብረቶችን ይዞ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ፣ ማለትም በአፈርና በአለት ቀዳዳዎች ውስጥ ወደሚገኘው ውኃ ሊደርስ ይችላል። ይህ ውኃ በብዙ ስፍራ በዓመት ጥቂት ሜትሮችን ብቻ ስለሚጓዝ፣ ጉዳቱ ከጎረቤት ጉድጓድ ሲደርስ አድራሹ ወርቁን ሸጦ ከሄደ ብዙ ዘመን ሊሆነው ይችላል።

የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ለጉዳዩ ቅርብ የሆነ ሥርዓት አላቸው። ሐሪም የሚሉት፣ ውኃው እንዳይጎዳ በጉድጓድ ዙሪያ የሚከለለውን መሬት ነው። በአንድ ነቢያዊ ትውፊት ጉድጓድ ለቆፈረ ሰው ለከብቶቹ ማረፊያ 40 ክንድ ተፈቅዶለታል። በሱዳን ሥር የሰደደው የማሊኪ የሕግ መንገድ ግን ቋሚ ቁጥር ከመያዝ ይልቅ የመሬቱን ጥንካሬና ልልነት መርምሮ፣ ወሰኑ ጉዳት እስከማይደርስበት ድረስ ይዘልቃል ይላል። ወሰኑ በጉዳት የሚለካ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱን ሳይለካ ወሰኑን አውቃለሁ ማለት የሚችል የለም። ከካርቱም በስተደቡብ በነጭ አባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኘው ካላክላ ነዋሪ ከጉድጓድ ሲጠጣ፣ ውኃው የሚመጣበትን መንገድ በዓይኑ ሊከተለው አይችልም፤ ስለዚህ በዚያ አገር የቆየው ሕግ ራሱ ልኬትን ግዴታ ያደርገዋል ማለት ነው።

ልኬቱ የሚሠራው በክትትል ጉድጓዶች ነው። አንዱ ውኃው ወደ ኩሬው ከሚመጣበት ወገን፣ ሌሎቹ ውኃው ከኩሬው በሚሄድበት ወገን ይቆፈራሉ፤ ናሙናቸው ሲነጻጸር ኩሬው የጨመረው ነገር ከመሬቱ ተፈጥሮ ይለያል። አርሰኒክ በመንገዱ ካሉ የብረት ማዕድናት ጋር እየተጣበቀ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ፈጥነው የሚጓዙት ሰልፌትና ክሎራይድ እንደ ቀደምት ማስጠንቀቂያ ይታያሉ። ከሁሉ በፊት ግን ኩሬው ከመሞላቱ አስቀድሞ የተወሰደ መነሻ ልኬት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ጉዳቱን መካድም ማረጋገጥም አስቸጋሪ ይሆናል።

የማስረጃ እጦት ምን እንደሚያስከትል የጉጂው ለገደንቢ ያሳያል። በሻኪሶ አቅራቢያ ያለው ይህ የወርቅ ማዕድን ጤናችንንና ከብቶቻችንን ጎድቷል ያሉ ነዋሪዎች ባነሡት ተቃውሞ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ታግዶ፣ በ2013 ዓ.ም. ሥራው እንደገና ተጀምሯል። በሱዳንም በደቡብ ኮርዶፋን ታሎዲ ነዋሪዎች በሲያናይድ የሚሠሩ ፋብሪካዎችን በመቃወም እ.ኤ.አ. በ2019 ተነሥተዋል። በዚያው አገር ባህላዊ ወርቅ አውጪዎች በሜርኩሪ ከሠሩ በኋላ የሚተዉትን፣ ከርታ የሚባለውን ዝቃጭ ሌሎች ገዝተው በሲያናይድ ዳግም ያጥቡታል፤ አንዱ የተወው ለሌላው ጥሬ ዕቃ ሲሆን ተጠያቂነቱም በመካከል ይበተናል። እንዲህ ባለ ስፍራ ጠጪው ሕመሙን፣ አምራቹ ንጽሕናውን ሲናገር፣ በሁለቱ መካከል የሚፈርድ በየጊዜው የተመዘገበ ልኬት ካልተገኘ ክርክሩ በኃይል ወደመለየት ያመራል።

ያላወቀ አይፈረድበትም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ኦሪት ዘሌዋውያን ግን በምዕራፍ 4 ባለማወቅ ለተሠራ ኃጢአት መሥዋዕት ያዛል፤ ባለማወቅ ቢሆንም በደሉ በደል መሆኑ አልቀረም ማለት ነው። በዚህ ላይ ሊታወቅ የሚችለውን ላለማወቅ የመረጠ ሰው አለ፤ የክትትል ጉድጓድ ሳይቆፍር ምንም ብክለት አላየሁም የሚል አምራች ከዚህ ወገን ነው። የቆፈረውም ቢሆን ናሙናውን ራሱ ወስዶ፣ ራሱ መርምሮ፣ ውጤቱን ደብቆ ቢይዝ በገዛ ጉዳዩ ላይ ዳኛም ምስክርም ሆኗል፤ ይህንንም የትኛውም ፍትሕ አይቀበለውም።

እንግዲህ ተጠያቂነቱ የሚጀምረው ኩሬው ሲፈስ ሳይሆን ኩሬውን ለመሥራት ሲወሰን ነው። ማስረጃ የማቅረብ ሸክምም የሚወድቀው በአምራቹ ላይ ነው እንጂ በታመመው ጠጪ ላይ አይደለም፤ ኩሬውን በውኃው መንገድ ላይ ያኖረው፣ ከወርቁ የተጠቀመውና ለመለካት አቅም ያለው እርሱ ነውና። ግዴታውም ማዕድኑ ሲያልቅ አያበቃም፤ ዝቃጩ ከመሬቱ ጋር እስካለና ውኃው ከሥሩ እስከተጓዘ ድረስ ይቆያል።