የማን ሐቅ ነው ይቅር የምትለው?

 

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጣራ ገዳም ጫካ ብዙም በማትርቀው አዲስ ዘመን ለሽምግልና ተጠራሁ። አንድ የማውቀው ሰው የእድር ገንዘብ አጉድሏል። «ኡስታዝ፣ ያንተ ቃል ይሰማል» አሉኝ። ሄጄ ስለ ይቅር ባይነት ምንዳ ተናገርኩ። ሰውየው አለቀሰ፣ ሽማግሌዎቹም አዘኑለት፣ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ስወጣ አንዲት እናት በሩ ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ከዚያ ገንዘብ ውስጥ የእኔም አለበት። እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሙስና ለተጠየቁ ባለሥልጣናት መንግሥት ምሕረት ሲያደርግ፣ የሕዝብ ተወካዮች የሚያነሱት ጥያቄም ይኸው የእኚያ እናት ጥያቄ ነው።

በአገራችን ሦስት በሮች አሉ። የተፈረደበትን ፕሬዚዳንቱ በሕግ መሠረት ይቅርታ ያደርግለታል፤ ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 ተጽፏል። ምሕረት ደግሞ በአዋጅ ይሰጣል። ሐምሌ 2010 የጸደቀው የምሕረት አዋጅ ያተኮረው በመንግሥትና በሕገ መንግሥቱ ላይ በሚፈጸሙ ወንጀሎች ላይ ነበር። ሦስተኛው በር ክስ ማቋረጥ ነው። ግንቦት 2005 በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩት የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር አቶ መላኩ ፈንታ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ግንቦት 2010 የወጡት ከሌሎች ተከሳሾች ጋር ክሳቸው ተቋርጦ ነው። ክሱ የተቋረጠለትን ሰው ሌባ ማለት በዲናችን ከባድ ነው፤ ያለ ማስረጃ የሰውን ክብር መንካት ወንጀል ነውና። ግን ልብ በሉ፦ ክስ ሲቋረጥ ንጹሑ ሰው ስሙ በፍርድ አይጠራለትም፣ ገንዘብ ጎድሎ ከሆነም ሕዝቡ የት እንደገባ አያውቅም። ስለዚህ አንድ የምክር ቤት አባል ተነስቶ «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ ጨካኝ አይደለም። ሥራ አስፈጻሚውን ጠርቶ መጠየቅ አንቀጽ 55 ለምክር ቤቱ የሰጠው ሥልጣን ነው፤ አማናም ነው።

የመኽዙም ጎሳዋን ሴት ታሪክ ታውቁታላችሁ። ከትልቅ ቤተሰብ ነበረች፤ ሰረቀች። ቁረይሾች ተጨነቁና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚወዱትን ኡሳማን አማላጅ አድርገው ላኩ። እሳቸው ተቆጡ። የቀደሙት ሕዝቦች የጠፉት ትልቁ ሲሰርቅ እየተዉ ደካማው ሲሰርቅ እየቀጡ እንደሆነ፣ የገዛ ልጃቸው ፋጢማ ብትሆን እንኳ እንደማይተዉ ተናገሩ። የሶፍዋንንም አስታውሱ። መስጊድ ውስጥ ተኝቶ ልብሱ ተሰረቀበት፤ ሌባውን ነቢዩ ዘንድ ካቀረበ በኋላ ራርቶ «ትቼለታለሁ» አለ። ወደ እሳቸው ከማምጣቱ በፊት ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት። ልብሱ የራሱ ነበር! በራሱ ሐቅ እንዲህ ከተባለ፣ በሌላው ሐቅ ላይ እንዴት ይሆናል?

እዚህ ላይ ሚዛን እንያዝ። ብዙ ዑለማዎች እንደሚሉት የሕዝብ ገንዘብ ያጎደለ ሰው ቅጣት ተዕዚር ነው፤ መሪው ጥቅም ካየ ሊያቀልለው ይችላል። ታማሚውን፣ ሽማግሌውን፣ የተጸጸተውን ማዘን የእዝነት ነቢይ ተከታዮች መንገድ ነው። ገንዘቡ ግን የመሪው አይደለም። ለተውባ ሦስት መስፈርቶችን እንማራለን፦ መተው፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መቁረጥ። የሰው ሐቅ ሲኖርበት አራተኛ ይጨመራል፦ ለባለቤቱ መመለስ። ይህን አራተኛውን ማንም ባለሥልጣን በፊርማው አይሰርዘውም።

ቱኒዚያን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሬዚዳንት ቤጂ ቃኢድ አስ-ሲብሲ በቀድሞው ሥርዓት በሙስና ለተጠረጠሩ ባለሥልጣናትና ነጋዴዎች የዕርቅ ሕግ አቀረቡ። ወጣቶች «ማኒሽ ምሳማህ» (ይቅር አልልም) እያሉ አደባባይ ወጡ፤ ተቃዋሚ የምክር ቤት አባላትም ተከራከሩ። ሕጉ በ2017 በ117 ድምፅ ጸደቀ። ተሸነፉ እንዳትሉ! ሁለት ዓመት የፈጀው ተቃውሞ ሕጉን አጥብቦት ነበር፦ ነጋዴዎቹ ወጡ፤ ምሕረቱ በግል ላልተጠቀሙ የመንግሥት ሠራተኞች ብቻ ሆነ። ታዝዞ የፈረመና ኪሱን የሞላ ተለዩ።

ወንድሜ፣ እህቴ፦ ነገ አንቺ የቀበሌ ገንዘብ ያዥ፣ አንተ የመስጊድ ኮሚቴ ትሆናላችሁ። የአጎትህ ልጅ ያጎድላል፤ «ተው፣ ያገር ልጅ ነው» ትባላለህ። ያኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፦ ይህ ሐቅ የእኔ ነው? የአንተ ከሆነ ይቅር በል፣ ምንዳህ አላህ ዘንድ ነው። የሌላ ከሆነ ግን በሰው ገንዘብ ቸር አትሁን።

እኔ በሳምንቱ ወደ አዲስ ዘመን ተመለስኩ። «ያስታረቅነው በደንብ አልነበረም» ስል የተቀየሙኝ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሰውየው ግን ተስማማ፤ በየወሩ ጥቂት ጥቂት መክፈል ጀመረ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ኡስታዝ፣ አሁን ነው ይቅር የተባልኩት» አለኝ።

ያ አላህ! የሰው ሐቅ በአንገታችን ይዘን አንተን ከመገናኘት ጠብቀን። መሪዎቻችንን ፍትሕ፣ ተወካዮቻችንን ድፍረት፣ እኛን አማና ስጠን። አሚን።