የድምፅ ወሰን

ዋጋው የከበደ አምፕሊፋየር ገዝቶ ወፍራሙን ድምፅ የሚያሰሙ ሁለት ሰብዉፈሮች ያጣመረበት ሰው፥ ዕቃው የገዛ ገንዘቡ ነውና የሚከለክለው የለም። ድምፁ ግን የማን ነው? በሰከንድ 20 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 17 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ቀጭኑን ድምፅ የሚያግድ ግንብ ይህን አጥብቆ አያግደውም። ደግሞም ከግድግዳ የሚመለሰው ሞገድ ከሚሄደው ጋራ ሲገናኝ በአንዳንድ ስፍራ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ባለቤቱ በዚያ ስፍራ ተቀምጦ እንደ ሆነ ጐደለብኝ ብሎ ኃይሉን ይጨምራል፥ በዚያው ሰዓት የጐረቤቱ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው ሰብዉፈር በሌላ ማዕዘን ቢቀመጥ ይህን ጉድለት ያቃልላል፤ የጐረቤቱን እንቅልፍ ግን አይመልስም። «በቤቴ ነኝ» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ የተጠየቀው ግን ድምፁ እስከ ወዴት እንደ ደረሰ ነው። ልኩን ሊያውቅ የሚወድ፥ ዘፈኑ ሳይቋረጥ ተነሥቶ ከጐረቤቱ ቤት ሆኖ ቢያደምጥ ይሻለዋል፤ ከወንበሩ ሳለ ሊሰማው አይችልምና።