የሆነውን እንዳልሆነ ማድረግ

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ተዛብቶ አደረ። ባንኩ ኋላ እንዳስታወቀው ነገሩ የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ በሲስተሙ ላይ ሲካሄድ ከነበረ የማሻሻያና የፍተሻ ሥራ የመነጨ ችግር ነው። በዚያ ሌሊት አንዳንድ ደንበኞች በሂሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ባሉ ኤቲኤሞች ፊት ሰልፍ ተሠራ። ሲስተሙ ወደ ደህናው ሥራው የተመለሰው በሰዓታት ውስጥ ነው። ያለአግባብ የተወሰደውን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ለማስመለስ ግን ሳምንታት ፈጀ፤ ልመና፣ ማስጠንቀቂያ፣ የመለሰ አይከሰስም የሚል ቃል፣ በመጨረሻም ያልመለሱትን ስምና ፎቶ አደባባይ ማውጣት አስፈለገ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ሁለቱንም በአንድ ቃል «መመለስ» እንላቸዋለን እንጂ የመጀመሪያው ማሽኑን ነው የመለሰው፣ ሁለተኛው ሰውን። እኔን የሚያሳስበኝ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፦ ሰው ሲመለስ ወደ ምን ይመለሳል?

አስቀድመን ማሽን እንዴት እንደሚመለስ እንይ። የክላውድ፣ ማለትም በበይነ መረብ የሚሰጥ የኮምፒውተር አገልግሎት፣ ባለሙያዎች ሮልባክ የሚሉት አሠራር አላቸው። አዲሱ ስሪት ሲያስቸግር ቀድሞ በደንብ ይሠራ የነበረውን መልሰው ያስነሣሉ። ኩበርኔትስን በመሰለ ፕሮግራሞችን በሚያስተዳድር ሥርዓት ይህ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የሚነካው ግን ፕሮግራሙን ነው፤ ፕሮግራሙ እስከዚያ ድረስ የጻፈውን፣ የላከውንና የከፈለውን አይነካም። ዳታቤዙን ከመጠባበቂያ ቅጂ እንመልስ ቢባል በመካከል የገባው ትክክለኛ ሥራም አብሮ ይጠፋል፤ በዚያው ሌሊት ለእናቱ ገንዘብ የላከ ሰው ሐቅ ከቀማኛው ጋር ይሰረዛል። የሂሳብ ሠራተኞች ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊትም ይህን ያውቁ ነበር። የተሳሳተ ምዝገባን አይፍቁም፣ በተቃራኒ ምዝገባ ያርሙታል፤ መዝገቡ ስህተቱንም እርማቱንም ይዞ ይኖራል። ከዚህ የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ኩባንያ ከስምንት ሰርቨሮቹ አዲሱ ኮድ የተጫነው በሰባቱ ላይ ብቻ ነበር። በስምንተኛው ላይ ለዓመታት የተኛ አሮጌ ኮድ ነቃና ያለ ልክ መግዛትና መሸጥ ጀመረ። ባለሙያዎቹ ጥፋቱ የአዲሱ መስሏቸው ከሰባቱ ላይ አነሡት፤ ያን ጊዜ አሮጌው በስምንቱም ላይ ነቃ። በ45 ደቂቃ ገደማ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ። ወደ ቀድሞው ስሪት መመለሱንስ ተመልሰው ነበር። ወደ ሰርቨሮቹ ይገባ የነበረው የግዢና የሽያጭ ትእዛዝ ግን የቀድሞው አልነበረም።

ብዙ ምእመን ንስሐን የሚያስበው ልክ እንደ ሮልባክ ነው፤ ይናዘዛል፣ «ይፍታህ» ይባላል፣ ከኃጢአቱ በፊት ወደነበረው ሰውነቱ የተመለሰ ይመስለዋል። የቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት ግን እንዲህ አያስተምሩም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ አለቀሰ፤ ለምልክት ጥላው 10 ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሰለት። ጊዜ ወደ ኋላ ሄደ የሚያሰኝ ታሪክ ቢኖር ይህ ነው። ለሕዝቅያስ የተሰጠው ግን ያለፈ ዘመኑ አይደለም፣ የሚጨመር 15 ዓመት ነው። ጥላው ተመለሰ፣ ንጉሡ ወደፊት ኖረ። ልጁ ምናሴ ሲነግሥ 12 ዓመቱ ነበርና የተወለደው በዚያ በተጨመረው ዘመን ነው፤ የይሁዳ ክፉ ንጉሥም እሱ ሆነ። በዳግም ትንሣኤ የምናስበው የቶማስ ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ሞትን ድል አድርጎ የተነሣው ጌታ ሥጋ የችንካሩንና የጦሩን ምልክት እንደያዘ ነበር። ትንሣኤ ዓርብን መሰረዝ ቢሆን ኖሮ ቶማስ የሚዳስሰው ባልኖረ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። እግዚአብሔር ኃጢአትን ደግሞ እንደማያስብ በነቢያት ተነግሯል፤ እርሱ ያላሰበው እንዳልሆነ መቆጠር የለበትም ወይ? በ11ኛው ክፍለ ዘመን ጴጥሮስ ዳሚያኒ የተባለ የምዕራብ መነኩሴ የእግዚአብሔር ኃይል ባለፈው ላይም እንደማይወሰን ተከራክሯል፤ አርስቶትል ከዚያ አስቀድሞ የሆነውን እንዳልሆነ ማድረግ ለአምላክም አይቻልም ከሚሉት ወገን ነበር። በእኔ ግምት ክርክሩ ስለ ኃይል መሆኑ ራሱ ያሳስታል። ድርጊቱ ከናካቴው አልተደረገም ከተባለ ይቅር የሚባል ነገርም አይኖርም። ይቅርታ ድርጊቱ እንደተደረገ እንዲቀር ይፈልጋል፤ የሚያነሣው ክሱን ነው። ዳዊት ኃጢአቱ ቀረለት ተብሎ በነቢዩ አፍ ሲነገረው ልጁ ግን አልተረፈም። ለዘኬዎስም መዳን ለቤቱ ሆነ የተባለው አራት እጥፍ እመልሳለሁ ካለ በኋላ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከሁሉ በላይ የሚታየው በምዕራብ ጎጃም ማሳ ላይ ነው። በደምበጫ ወረዳ አንጀኒ የሚባል ትንሽ ተፋሰስ አለ፤ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአፈር መሸርሸር የተጠናበትና «ፋንያ ጁ» የሚባለው እርከን የተሠራበት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በቁልቁለቱ አግድም ቦይ ይቆፈራል፣ አፈሩ ወደ ላይኛው ወገን ይጣላል፣ ከዓመት ዓመት ከአፈር ክምሩ በላይ ደለል እየተጠራቀመ ማሳው ደረጃ እየሆነ ይሄዳል። ወደ አባይ የወረደውን አፈር ግን የሚመልስ እርከን የለም። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ የጠፋውን ሲያሳድድ አይኖርም፤ ቀጣዩን ክረምት ያስቆማል፣ በቀረው ላይ አዲስ መሬት ይሠራል። አሁን በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ የጎረቤቱን ወሰን ገፍቶ ሦስት ክረምት በርበሬና በቆሎ ያመረተ ሰው ይናዘዝ እንበል። ስግደትና ጾም ታዘዘለት፣ ፈጸመ። የወሰኑን ድንጋይም ወደ ቦታው መለሰ። የሦስቱ ክረምት እህልስ? በእህሉ እጦት የተበደረው ጎረቤትስ? ወሰኑን ብቻ ከመለሰ ያደረገው ሮልባክ ነው፤ ፕሮግራሙን አስተካክሎ ዕዳውን በሌላው ትከሻ ላይ ትቶታል።

ይህን ማለት ሰውን ተስፋ አያስቆርጥም ወይ የሚል ይኖራል። ያለፈው የማይሰረዝ ከሆነ ለምን እንቸኩላለን? ባለሙያ ግን ወደ ቀድሞው ስሪት ሲመለስ የሚቸኩለው ያለፈውን ለመሰረዝ አይደለም፤ በየደቂቃው የሚጨመረውን ጉዳት ለማቆም ነው፣ መቸኮሉም ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብሎ ማን ምን እንዳጣ ይመረምራል። ተስፋ የሚያስቆርጠው ይልቅ የተገላቢጦሹ ነው፦ ንጹሕ ትናንትን ማግኘት የመዳን መስፈርት ከሆነ ማንም አይድንም። ስለዚህ የንስሐ አባቶቻችን፣ ወሰን የገፋ ወይም በዚያ የመጋቢት ሌሊት ካርዱን ይዞ የተሰለፈ ሰው ፊታችሁ ሲንበረከክ፣ ምን ወሰድህ ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ከወሰድህ በኋላ በማን ላይ ምን ደረሰ ብላችሁም ጠይቁት፤ ቀኖናውንም በመልሱ ልክ ስጡት።