በልጅነት የተተከለ ሱስና የነጻ ፈቃድ ጥያቄ

ሰው ለሥራው የሚጠየቀው በፈቃዱ ስላደረገው ነው የሚለው ትምህርት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ ሥርዓት የቆመበት መሠረት ሲሆን፣ ይህን መሠረት የሱስን ያህል የሚፈትነው ነገር ጥቂት ነው። ጫት ካልቃመ ሐራራ የሚያስጨንቀው፣ ከቃመም በኋላ ምርቃናውን ለመስበር በጨብሲ ስም ወደ አረቄ ቤት የሚያመራ የጎንደር ጎልማሳ በነፍስ አባቱ ፊት ሲቀርብ የሚናዘዘው የትናንቱን ጥፋት ነው። ልማዱ ግን ብዙ ጊዜ የተተከለው ለአቅመ አዳም ሳይደርስ፣ ለፈተና ሲያጠና እንቅልፍ እንዳይጥለው በቃመው ጫት ወይም በቤቱ በተቀዳለት መጠጥ ነው።

በዳባትና በደባርቅ ደጋ የኮረፌ ጋን የሌለበት ድግስ ድግስ አይባልም። ኮረፌ የተፈተገ ገብስ ተቆልቶና ተፈጭቶ ከጌሾ ጋር ከተብላላ በኋላ፣ ለመጠጥ ሲፈለግ ከድፍድፉ ተቀንሶ ውሃ የሚጨመርበትና አድሮ ከነአረፋው የሚጠጣ ነው። ለልጅ ደግሞ በአተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ ይሰጠዋል። ቅራሪን ከአረቄ እኩል ማውገዝ ፍትሐዊ አይሆንም፤ አሳሳቢው ልጁ በአፍላ ዕድሜው፣ ማንም ሳያስተውል፣ ከቅራሪው ወደ አረቄው የሚሻገርበት ወቅት ነው።

በዚያ ዕድሜ ደስታን የሚያሳድደው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ሲበረታ፣ ስሜትን የሚገታውና የነገን የሚያመዛዝነው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ በግንባታ ላይ ይቆያል። ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር አንድ ድርጊት ሊደገም የሚገባው መሆኑን ለአንጎል የሚያስተምር ሲሆን፣ ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረበው የጫቱ ካቲኖን ይህንኑ ዶፓሚን ከመጠን በላይ ያፈሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት 15 ዓመት ሳይሞላቸው መጠጥ ከጀመሩት መካከል ከ100 ከ40 የሚበልጡት በሕይወት ዘመናቸው የአልኮል ጥገኞች እንደሆኑ፣ 20 ዓመት ከሞላቸው በኋላ በጀመሩት ዘንድ ግን ቁጥሩ ወደ 10 ገደማ እንደሚወርድ አሳይቷል። ልጁን ቶሎ ወደ መጠጥ የሚመራው ቤትና ዘር ራሱ በኋላ ለሱስም ሊዳርገው ስለሚችል ቁጥሩ ብቻውን ምክንያቱን አያረጋግጥም፤ ይሁንና እንዲህ ያለ ልዩነት በሌላቸው አይጦች ላይ በተደረጉ በርካታ ሙከራዎችም በለጋነታቸው ኒኮቲን የለመዱት ካደጉ በኋላ አብዝተው ሲሹት ታይቷል።

ከዚህ ተነሥቶ ሱሰኛው ፈቃድ የለውም፣ ንስሐውም ከንቱ ነው የሚል ቢኖር፣ ያው የአሜሪካው ጥናት ይመልስለታል፤ ቀድመው ከጀመሩትም እንኳ የሚበዙት ጥገኛ አልሆኑምና። ሐዋርያው ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 7 የሚወደውን መልካም ነገር ማድረግ ስለተሳነው ሰው ሲጽፍ፣ የፈቃድን መድከም እንጂ የፈቃድን አለመኖር አልተናገረም። ይልቅስ ክርክሩ ሊያርፍ የሚገባው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ስታጠምቅ ሕፃኑ ምንም አልመረጠም፤ ስለ እርሱ ቃል የሚገባለት የክርስትና አባቱ ወይም የክርስትና እናቱ ነው። ፈቃድ ሳይበስል በሌላ ሰው ፈቃድ የተዘራ መልካም ነገር ጸንቶ ይኖራል ብላ የምታምን ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው ዕድሜ የተዘራ ክፉ ነገር ጸንቶ ሲገኝ ዕዳውን በአጫጁ ላይ ብቻ ልትጥል አትችልም።

የመንግሥት ሕግ የዕዳውን አንድ ወገን ነክቶታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥና ትምባሆ መሸጥን የከለከለ ሲሆን፣ በጓዳ ከጋን ተቀድቶ ለሚሰጠው ግን እጁ አይደርስም። እዚያ የሚደርሰው ነፍስ አባት ነው። ቀኖና በንስሐ ገቢው አቅም ልክ መሰጠቱ፣ ለታመመው ጾሙና ስግደቱ መቅለሉ የቆየ ሥርዓት በመሆኑ፣ ሱሰኛውን «በስንት ዓመትህ ጀመርህ? ማን ሰጠህ?» ብሎ መጠየቅ ከሥርዓቱ መውጣት አይሆንም። የቤተ ሰቡ ሁሉ ነፍስ አባት ብዙውን ጊዜ አንድ ካህን ስለሆነም፣ በመልሱ ስማቸው የሚነሣው ወላጆች ራሳቸው በሌላ ቀን እዚያው ካህን ፊት ለኑዛዜ ይቀርባሉ።