ቸል ማለት ምንድን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው ሰሞን ከሕፃናት ክፍል አንድ ልጅ «መርሳትና ቸል ማለት ምን ይለያያቸዋል?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ያን ጊዜ የሰጠነው መልስ እኛንም አላረካንም። የረሳ ሰው ነገሩ ከልቡ ወጥቷል፤ ሲያስታውሱት ይደነግጣል። ቸል ያለ ሰው ግን ያውቃል። እያወቀ «ይደረስበታል» ብሎ ያልፈዋል።

በዐቢይ ጾም ስድስተኛ እሑድ፣ በገብር ኄር፣ ስለ መክሊቱ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ይነበባል። አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ ሌባ አልነበረም፤ ገንዘቡን ቀብሮ አቆየው፤ ሳይጎድልም መለሰው። የተፈረደበት ባልሠራው ሥራ ነው። በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ያሉት ዐሥሩ ደናግልስ? ብዙዎቻችን አምስቱ የተወቀሱት ስለ ተኙ ይመስለናል። የተኙት ግን ዐሥሩም ናቸው፤ ልባሞቹም ጭምር! የለያቸው ከመተኛታቸው በፊት በማሰሮ የተያዘው ዘይት ነው።

የምዕራፉ መጨረሻ ላይ ስንደርስ ግን እኛ ለማስተማር ድፍረት የለንም። ባለፈው ዓመት ከገጠር ለትምህርት የመጣ አንድ ወንድማችን ታሞ፣ ከተከራያት ክፍል ሳይወጣ ሁለት ሳምንት ቆየ። ስሙ በጉባኤ ተነሣ፤ «መጠየቅ አለበት» ተባለ፤ ሁላችንም ተስማማን። መዘምራኑ ምግባረ ሠናይ ክፍል ይሄዳል አልን፤ ምግባረ ሠናይ ክፍል የቅርብ ጓደኞቹ ይሄዳሉ አለ፤ ጓደኞቹ ፈተና ደርሶብን ነበር አሉ። (ፈተና ያልደረሰበት ማን ነበር?) ክፉ ያሰበበት አንድም ሰው የለም፤ እንዲያውም በጸሎት አስበነዋል። ድኖ ሲመጣ ከኋላ ተቀመጠ። «እንዴት ሰነበትክ?» ስንለው «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። በዚያ ሁሉ ቀን ውኃ ማን እንዳቀበለው አልነገረንም፤ እኛም ለመጠየቅ አፈርን።

በፍርድ ቀን በግራ የሚቆሙት፣ ጌታን ታሞ ያዩት መቼ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። እኛ ይህን እንኳ መጠየቅ አንችልም፤ ቤቱን እናውቀው ነበር።

ወንድማችን ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንት ተመላልሶ ቀረ። ትናንት ማታ ሁለት ሆነን ሄድን፤ በሩ ተቆልፎ አገኘነው። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ደግመን እንሄዳለን፤ አብሮን የሚሄድ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።