ሬሳው በሌለበት

በሩቅ አገር ለሞተ ሰው፣ ሬሳው ከፊት ሳይኖር፣ የቀብር ሶላት ይሰገድለታል? የእስልምና ሊቃውንት በዚህ ጥያቄ ከሺህ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። የሻፊዒና የሐንበሊ መዝሀብ ይሰገድለታል ይላሉ፤ የሐነፊና የማሊኪ መዝሀብ አይሰገድም ይላሉ። የክርክሩ መነሻ የኛው አገር ሰው መሆኑን ስሰማ በጣም ደነቀኝ። በሐዲስ እንደተዘገበው፣ የአክሱሙ ነጋሺ በሞተ ቀን ነቢዩ መሐመድ መዲና ላይ ሆነው ሞቱን ለባልደረቦቻቸው አረዱ፤ ወደ መስገጃው ሜዳ ይዘዋቸው ወጡ፤ አሰልፈዋቸውም አራት ጊዜ ተክቢራ ብለው ሰገዱለት። በመካከል ቀይ ባሕር አለ። ሬሳውን ያጠበም የተሸከመም ከዚያ ሰልፍ ውስጥ አልነበረም።

እኔ ክርስቲያን ነኝ። እምድብር አጠገብ ተወልጄ፣ ወልቂጤና ቡታጅራ ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን ነገር የነገረችኝ የቡታጅራ ጎረቤቴ ናት። ለዓመታት ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ አረብኛን እንደ እናቷ ቋንቋ የምትሰማ ሴት ናት። ጣሪያዋ ላይ ሁለት ዲሽ ተተክሏል፤ አንዱ ለአገር ቤት ጣቢያዎች፣ ሌላው ለአረብኛዎቹ። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ የጋዛ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ሳሎኗ ከመግሪብ በኋላ በሰው ይሞላ ጀመር። ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ይቀርባል፣ እሷ ትተረጉማለች፣ ሌላው ያያል።

የሰፈሩ ሰው የሚጠብቀው ዜናውን ብቻ አልነበረም። የአልጀዚራ የጋዛ ቢሮ ኃላፊ የነበረውን ዋኢል አል-ደህዱህን ይጠብቅ ነበር። ሰማያዊ ሰደርያውን ለብሶ፣ የራስ ቁሩን አጥልቆ ብቅ ሲል ቤቱ ጸጥ ይላል። «ዛሬ ከስቷል።» «ድምፁ ዘግቷል፣ እንቅልፍ አላገኘም።» አንዲት አሮጊት በየምሽቱ ያው አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ እህል ቀምሶ ይሆን? ወጣቶቹ ፎቶውን ስልካቸው ላይ አደረጉ። በከተሞቻችን ለእንግሊዝ ኳስ ክለብ የሚሟገት ወጣት ሞልቷል፤ የጦርነት ዘጋቢ እንደ ወንድም ሲወደድ ግን ያየሁት ያኔ ነው። ይህን ፍቅር ቀላል ነገር ነው ብዬ አላልፈውም። ሰው ስማቸውን የማያውቃቸውን ሺህ ሙታን እንዲያዝንላቸው አንድ ፊት ያስፈልገዋል፤ ያ ፊት የዋኢል ሆነ።

ጥቅምት 14 ቀን ኑሰይራት ካምፕ ውስጥ ሚስቱ፣ ወንድ ልጁ፣ ሴት ልጁና የልጅ ልጁ በአየር ድብደባ ሞቱ። በኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች ገና ጎሕ ሳይቀድ ይሰበሰባሉ፣ አንደበት ያለው ይመረጣል፣ የሚይዙና የሚያጽናኑ በር ላይ ይቆማሉ፣ ከዚያ ነው የሚረዳው። ዋኢል ሥራ ላይ እንዳለ ተረዳ። ሆስፒታል ገብቶ የልጁ ሬሳ አጠገብ ሲንበረከክ ዓለም በሙሉ አየው፤ ቀብሮ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ካሜራ ፊት ቆመ። ታኅሣሥ 5 ኻን ዩኒስ ላይ እሱ ራሱ ቆሰለ፤ አብሮት የነበረው የካሜራ ባለሙያ ሳሚር አቡ ደቃ እርዳታ ሳይደርስለት ደሙ ፈሶ ሞተ። ታኅሣሥ 28 ደግሞ የበኩር ልጁ ሐምዛ፣ እሱም ጋዜጠኛ፣ መኪና ውስጥ እንዳለ ተገደለ።

ታኅሣሥ 28 በዚያ ዓመት የገና ዕለት ነበር። ማታ ድፎ ዳቦ ይዤ ጎረቤቴ ቤት ስገባ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። «ተዝያ ተቀምጠናል ጋሼ» አለችኝ፤ ለቅሶ ማለቷ ነው። ዳቦውን ጥግ አስቀምጬ አብሬ ተቀመጥኩ። ጥያቄው የተነሳው ያኔ ነው። አንዱ ወጣት ለምን አንሰግድለትም አለ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ እዚያው የነበሩት ሰግደው ቀብረውታል፣ የቀረው ዱዓ ነው አሉ። ጎረቤቴ የነጋሺን ነገር አመጣች። ክርክሩ እስከ ኢሻ ቆየ፤ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ወልቂጤ ሱቅ ያለው ወንድሜ ይህን ሁሉ አይወደውም። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ለቅሶ የማይቀርበት፣ ከእድሩ ድንኳን ሲተከል ቀድሞ ካስማ የሚይዝ ሰው ነው። የሱ ሙግት እንዲህ ነው። ለቅሶ ስትደርስ ኀዘንተኛው ያይሃል፤ መምጣትህ ለሱ ነው። ውሃ ትቀዳለህ፣ መቃብር ትቆፍራለህ፣ ገንዘብ ታዋጣለህ። የጋዛው አባት ግን አንተን አያይህም። ቡታጅራ ተቀምጠህ ብታለቅስ ለማን ነው? ከዚያም ወንጌልን ያነሳል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ ሰው ተደብድቦ ወድቆ ሳለ ካህኑም ሌዋዊውም አይተው አለፉ፤ በሌላ መንገድ ሄደው ሳያዩት ቢቀሩ ኖሮ ባልተወቀሱ ነበር። ስለዚህ፣ ይላል ወንድሜ፣ ልትረዳው የማትችለውን ሰው ሥቃይ በየምሽቱ እየጠሩ ማየት በገዛ እጅ ዕዳ መግባት ነው።

ይህ ሙግት ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ መልሴንም ያገኘሁት ከገዛ አገራችን ታሪክ ነው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ኮረም የተቀረጸ ፊልም አሳየ። ካሜራውን የያዘው ናይሮቢ የተወለደው መሐመድ አሚን ነበር፤ ዘገባውን ያነበበው ማይክል በርክ። በጭጋጉ ውስጥ በነጠላ የተጠቀለሉ ሬሳዎችን ያየው የለንደን ሰው ማንንም አያውቅም፤ ከዚያ ሜዳ ላይ ያሉትም እሱን አያዩትም። በወንድሜ ሚዛን ያ ለቅሶ ዋጋ አልነበረውም። እህሉ ግን ያንን ተከትሎ በብዛት መጣ። ከፊልሙ ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ አዲስ አበባ አሥረኛውን የአብዮት በዓል በሰልፍና በመብራት አክብራ ነበር፤ እኛ በገዛ ሬዲዮናችንና ቴሌቪዥናችን የሰማነውና ያየነው ያንን ነው። በኢያሪኮ መንገድ ያለፈው ሌዋዊ መንገዱን የመረጠው ራሱ ነው። ለኛ ግን ሌላ ሰው መረጠልን፤ ወገናችን በወደቀበት መንገድ እንዳናልፍ ተደረግን። ስለዚህ አለማየትን ንጽሕና ነው ለማለት እኔ አልደፍርም። ከአለማየት ጀርባ ብዙ ጊዜ መጋረጃ የጋረደ እጅ አለ፤ ዘጋቢ የሚገደለውም ያንን መጋረጃ ስለሚገልጥ ነው።

መሐመድ አሚንን በተለየ እወደዋለሁ። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ሊቀርጽ ሄዶ የግራ ክንዱን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። አሚን ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ ሆነ። ሥጋውን ለኛ ታሪክ የሰጠ ሰው ነው። ሆኖም በዚያ የኮረም ፊልም ላይ የማይለቀኝ አንድ ነገር አለ። የሞቱት ስም የላቸውም። ዓለም ያዘነላቸው ብዛታቸውን አይቶ ነው። ለዚህ ነው ዋኢል የበለጠብኝ፤ እሱ ስለ ራሱ ሰዎች ነው የሚናገረው። መርዶ ነጋሪውም ኀዘንተኛውም አንድ ሰው ሆኖ ሳየው ይህ አዲስ ነገር ነው አልኩ።

ለወንድሜ ሌላም መልስ አለኝ። በ2017 መስከረም ቤይሩት ስትደበደብ ሰፈራችን ልጇ እዚያ በሰው ቤት የምትሠራ እናት ነበረች። አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ ኢትዮጵያውያት ጎዳና ላይ ማደራቸው ያኔ ተሰምቷል። ይህች እናት ወሬውን አትሰማም፤ አረብኛም አትችልም። የምታየው ከዘጋቢው ትከሻ ጀርባ ያለውን ሕንፃ ነው። ልጇ አንድ ጊዜ በላከችላት ፎቶ ላይ ያለው በረንዳ እንዳይሆን ትፈትሻለች። ዘጋቢው ወደ ግራ ሲራመድ እሷ ወንበሯ ላይ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፤ የከለለውን ለማየት። ዓረብ አገር ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት በሆነበት ከተማ «የሩቅ ጦርነት» የሚባለው የቱ እንደሆነ ወንድሜ ሊነግረኝ አልቻለም።

የአልጀዚራዋ ዘጋቢ ሸሪን አቡ አቅላ ግንቦት 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ጄኒን ላይ በጥይት ስትገደል በአረብኛው ዓለም አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር፤ ክርስቲያን ስለነበረች ሙስሊም «አላህ ይማራት» ማለት ይችላል ወይስ አይችልም የሚል። ጎረቤቴ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ኀፍረት አየሁ። የኛ እድር ክርስቲያንም ሙስሊምም አለበት፤ አንዱ ሲሞት ሌላው መቃብሩን ሲቆፍር ነው የኖርነው። ኢየሩሳሌም ላይ የሸሪንን አስከሬን የተሸከሙት በፖሊስ ዱላ ሲመቱ ሳጥኑ ሊወድቅ ሲል፣ ጎረቤቴ እጇን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግታ እንደ ነበር ነገረችኝ፤ ልትይዘው። ፈራጁ እግዚአብሔር እንዲህ ያለችውን እጅ እንደማይንቅ ባለኝ እምነት ሁሉ አምናለሁ።

ግን አንድ አደጋ አለ፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ ያልኩት ሁሉ ጎደሎ ይሆናል። ተናጋሪውን ስንወድ የሱን ሙታን ብቻ እንቆጥራለን። በዚያ የገና ማታ ሳሎኑ ውስጥ የሐምዛን ስም ሁሉም ያውቀዋል። አብሮት በዚያው መኪና የሞተው ሙስጠፋ ሱራያ፣ እሱም ጋዜጠኛ፣ ስሙ አንዴ ተጠርቶ ታለፈ። በየሰፈሩ ፍርስራሽ ሥር ለቀሩት ደግሞ ያን ያህል እንኳ አልደረሳቸውም። ፍቅሩ ሐሰት አይደለም፤ አንድን ፊት መውደድ ግን ሌላውን ፊት ያስረሳል።

በሶላቱ ክርክር ሦስተኛ አስተያየት መኖሩን የነገረችኝም ጎረቤቴ ናት። ኢብን ተይሚያን የመሰሉ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ በሌለበት የሚሰገደው በሞተበት ስፍራ ማንም ላልሰገደለት ሰው ነው። ነጋሺ የሞተው በክርስቲያን አገር ነው፤ ሬሳው ላይ የሚሰግድለት ስላልነበረ መዲና ሰገደችለት። ይህን ስሰማ ሐሳቤ ከጋዛ ተነስቶ ወደ ኢንሴኖ ሄደ።

ኢንሴኖ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ በሚኒባስ ትንሽ መንገድ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመስቃንና በማረቆ መካከል በተደጋጋሚ በተነሳው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ገበሬ ከማሳው ተፈናቅሏል። ሁለቱም ወገን ከገበያ እስከ ጋብቻ የተሳሰረ ሕዝብ ነው። ሰማያዊ ሰደርያ ለብሶ እዚያ መንገድ ዳር የቆመ ዘጋቢ አላየንም። ወሬው በስልክ ይመጣል፤ የሚመጣውም ከአንድ ወገን ነው፣ የራሱን ሙታን ቆጥሮ። የሌላው ወገን ሙታን ስም ቡታጅራ አይደርስም። ደርሶም ቢሆን በዚያ ስም የሚቀመጥ ለቅሶ የለም። የሦስተኛው አስተያየት ሊቃውንት ያስቀመጡት ሰው፣ ማንም ያልቆመለት ሙት፣ ለኛ ከሁሉ የቀረበው እዚያ ነው። ጋዛን መተው አለብን እያልኩ አይደለም። ጋዛን እንዲያ ማየት የቻለ ዓይን ይህን ማየት ይችላል፤ ከቻለ ደግሞ ይገባዋል።

ስልኩ ላይ የዋኢልን ፎቶ ያደረገ፣ ጋዜጠኛ ለመሆን የቆረጠ የቀድሞ ተማሪዬ አለ። ኢንሴኖ ሄደህ የሁለቱንም ወገን ሙታን ስም ጽፈህ ታመጣለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ቶሎ አልመለሰልኝም።

«ቲቸር፣ ዋኢልኮ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ጉልበቱ እሱ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «እኔ እዚያ ስሄድ መጀመሪያ የምጠየቀው የማን ልጅ ነህ ተብዬ ነው። ያንን ከመለስኩ በኋላ ግማሹ በር ይዘጋብኛል።»

እውነቱን ነው። ይህን ያህል አስቸጋሪ መሆኑን ዋኢልን እያየን አናስተውለውም ነበር። የራስን ሙታን መናገር ልብ ይጠይቃል፤ በተጣሉ ጎረቤታሞች መካከል የሁለቱንም መናገር ግን ሌላ ዓይነት ልብ ይፈልጋል፤ የሱን ምሳሌ በቴሌቪዥን አላገኘሁለትም። ያለኝን ነገርኩት። በአገራችን ለቅሶ ቤት በገባ ሰው ላይ እጅ አይነሳም፤ የመጣህ ለመዘገብ ሳይሆን ለመድረስ ከሆነ መጀመሪያ ደብተርህን ኪስህ ውስጥ ክተት፣ ተቀመጥ፣ ስሙን ራሳቸው እስኪነግሩህ ቆይ።

ልጁ ብቻውን አይሄድም፤ ቋንቋውም ይቸግረዋል። ማረቆ ውስጥ ቆሼ ያስተማረ፣ መስቃንኛም የማረቆዎቹን ሊቢዶም የሚናገር ጡረተኛ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ በሁለቱም በኩል ተማሪዎች ነበሩት። ስልክ ቁጥሩን ለልጁ ሰጠሁት። ጎረቤቴ አብራ ለመሄድ ፈቃደኛ ናት፤ ሴቶቹን የምታናግረው እሷ ናት። መቼ እንደሚነሱ የሚወሰነው ባልደረባዬ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከተነጋገረ በኋላ ነው።